ዳኛው ራሱን የነቀነቀባቸው አርባ አንድ ቀናት

የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ጋሽ እጅህን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የደከመበት ግን እሱ ራሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በግልቢያ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መሀል ቆሞ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይችኑ አንዲት ቃል ሲጮህ ኖሯል። «እጅህን!» ለሴት ከሆነ «እጅሽን!»፤ ሲበዙበት «እጃችሁን!» ሌላ ትምህርት የለውም ማለት አይደለም። ስለ ጀርባ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ተረከዝ የሚያውቀው ብዙ ነው። በእሱ እምነት ግን ጀርባው የጎበጠ ጋላቢ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ እጁ አላርፍ ያለ ጋላቢ የሚጎዳው ፈረሱን ነው፤ ፈረስ ደግሞ አቤት የሚልበት ቢሮ የለውም።

«ልጓም ብረት እንዳይመስላችሁ» ይል ነበር አዲስ ተማሪ ሲመጣ። «ልጓም ማለት እንስሳው አፍ ውስጥ የገባ የእናንተ ጣት ነው። ከልጓሙ ወደ እጃችሁ የሚመጣው ዛብ ደግሞ ክንዳችሁ ነው። እስቲ አንዳችሁ ወዲህ ኑና ጣቴን አፋችሁ ውስጥ ከትቼ ልነቅንቀው። ማነው ፈቃደኛ?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ፈቃደኛ አልተገኘም።

ቀልዱም አብሮት አደገ። ባለቤቱ ጣት ላይ ቀለበት ሲያጠልቅ ሰርገኛው ፊት «እጅሽን!» ብሎ ጮኸባት ይባላል። ባለቤቱ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች። «ውሸት ነው። የዚያን ቀን ድምፅ ከየት አምጥቶ! ከጉሮሮው አንድ ነገር አልወጣም» ትላለች።

ሲያዩት ዓይን የሚሞላ ሰው አልነበረም። ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነው፤ ስልሳ አራት ዓመት ሲሞላውም ያችኑ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ይዞ ገባ። በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ትልልቁን ፈረስ እንኳ ሲያስጨንቁ፣ እሱ ድንክ ፈረሶቹን ያለ ሐሳብ ይቀመጥባቸዋል። ኮቴ የሚጠርበው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየው «ማን ማንን እንደተሸከመ እስኪቀርቡ አይታወቅም» ይላል።

ከእጅ ቀጥሎ የሚያምነው ነገር ቅጽ ነበር። ስለ ፈረስ የሚወራ ወሬ አይወድም። «ክፉ ሆኗል»፣ «አብዷል»፣ «ሰው ይለያል» የሚሉ ቃላት ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት የጠባይ እክል ቅጽ የሚባል ነገር በራሱ ማስመሪያ አስምሮ አወጣ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ኮርቻና ልጓም፣ አካሄድ፣ የታየው ነገር። ሰባት ዓምድ። ከታች አንድ ሰፊ ሳጥን አለ፦ «መንስኤ»። ከሳጥኑ በታች ደግሞ በደማቁ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፦ «ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም 'እንደ ላይኛው' ብሎ መጻፍም ሆነ ጭረት ማድረግ ክልክል ነው። ሙሉው ይጻፍ።»

ሰው ሳቀበት። ከዚያ አንዲት ባዝራ ያለ ምክንያት መበርገግ ጀመረችና ልትሸጥ ሆነ። እሱ ጻፈ። ዘጠነኛው መስመር ላይ ሲደርስ የምትበረግገው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ እንደሆነ ታየ። ማክሰኞ ደግሞ የጎረቤቱ ቤት ሰማያዊ ምንጣፍ አጥር ላይ የሚሰጣበት ቀን ነው። ምንጣፉ ቦታ ተቀየረለት፤ ባዝራይቱ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አገለገለች። ከዚያ ወዲህ በቅጹ የሳቀ የለም።

ዳኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ድንክ ፈረስ ነው። የተወለደው እዚያው ጋጣ ውስጥ ነው። በዘጠነኛው ቀን እናቱ ስትሞትበት ጋሽ እጅህን ፍራሹን ከቤት ተሸክሞ መጣና ሦስት ወር ጋጣ ውስጥ እያደረ ጡጦ አጠባው። ባለቤቱ ያን ጊዜ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። «ከወለድኳቸው ሦስት ልጆች ለአንዳቸው ጡጦ ይዘህ አታውቅም» አለችው። «እነሱ እናት ነበረቻቸው» አላት። ይህን ውዳሴ ነው ብላ ትቀበለው ወይስ ስድብ ነው ብላ ትጣላው እስከ ዛሬ አልወሰነችም። ውርንጭላው ወደ ጋጣው የገባውን ሁሉ ክስ እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ስለሚያይ ስሙ ዳኛው ሆኖ ቀረ።

አሁን ዳኛው አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ስንት መቶ ሕፃን እንዳስተማረ ቆጣሪ የለውም። ከጀርባው ራሱ ወድቆ ያለቀሰ አለ፤ ዳኛው ጥሎት ያለቀሰ ግን የለም።

ነገሩ የጀመረው በዓመቱ መግቢያ ላይ ነው። የቀኑ ትምህርት ሲያልቅ ድንክ ፈረሶቹ ላባቸው እስኪደርቅ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል በእርምጃ ይዞራሉ። ዛቡ ላላ ይላል፤ አጥሩን ተከትሎ፣ በዛፎቹ ሥር፣ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። የዳኛውን ዙር ጋሽ እጅህን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። በቀን ውስጥ የማይጮህበት ግማሽ ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ትከሻው ይወርዳል፤ እጁ ጭኑ ላይ ያርፋል፤ የቀኑን ተማሪዎች ጥፋት አንድ በአንድ ለፈረሱ ይተርክለታል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ወሬው መሀል ላይ ዳኛው ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። ኮሌታው የጠበበው ሰው አንገቱን እንደሚያወጣ ዓይነት። አምስት ስድስት እርምጃ ሄደና ደገመው። በማግስቱም እንዲሁ። በትምህርት ሰዓት ሕፃን ሲቀመጥበት እንደ ሐውልት ነው። ጋሽ እጅህን ራሱ ዛቡን ጨበጥ አድርጎ በሶምሶማ ሲያስኬደው እንከን የለውም። ዘና ሲሉ ብቻ ነው የሚነቀንቀው።

አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ተማሪዎች ወዲያው ፍቺ አገኙለት። «ጋሼ ስለ እኛ ሲያሙ 'ኧረ በጭራሽ' እያላቸው ነው» አሉ።

ጋሽ እጅህን ቅጽ አወጣ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ አስጠራችው። ገና የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ በዘጠኝ ዓመቷ ግልቢያ ያስተማራት እሱ ነው፤ «እጅሽን!» ሲላት ያለቀሰችበትን ቀን ሁለቱም አልረሱትም።

«ጋሼ፣ ዳኛውን ምን ላድርገው?»

«ምን አደረገ?»

«እርስዎ የጻፉትን እኮ ነው የማነብልዎ። 'ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። ራሱን ወደ ላይ ወረወረ።' አሥራ ሁለት ጊዜ!»

«አሥራ ሦስት። የትናንቱን አልቆጠርሽም።»

«ይኸው እንግዲህ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሐኪም የሚልካቸው ሰዎች ይመጣሉ። ከሕመም የተነሡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ። ትምህርት አይደለም የሚፈልጉት፤ ዘና ብሎ መዞር ነው። አንዷን አሮጊት ዳኛው ላይ ላስቀምጥና አፍንጫዋን ቢሰብርብኝስ?»

«በትምህርት ሰዓት ደህና ነው።»

«በትምህርት ሰዓት ደህና የሆኑ ሌላ ስምንት አሉኝ። የቸገረኝ ረጋ ብሎ የሚሄድ ነው። የጡብ ፋብሪካው ደግሞ ለጋሪ የሚሆን ድንክ ፈረስ እየፈለገ ነው።»

ጋሽ እጅህን የጡብ ፋብሪካውን ፈረሶች ያውቃቸዋል። ከርቀት በሳላቸው ይታወቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ ጋሼ። መንስኤው ሳይታወቅ አትወስኚ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። አልወሰንኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጉ። ያን ዕለት 'መንስኤ' የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነ ግን ዳኛው ይሄዳል።»

የገዛ ቅጹን ምስክር አድርጋ አመጣችበት። ወጣ።

መጀመሪያ ዝንብ ጠረጠረ። ዝንብ ቀስ የሚለውን እንስሳ ይወዳል፤ የሚሮጠውን አይደርስበትም። አሳማኝ ነው። ባለቤቱ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረችና ለጆሮውና ለግንባሩ ከስስ መረብ ሽፋን ሰፋችለት። ዳኛው ሽፋኑን አድርጎ ሲወጣ በረኛው ብድግ ብሎ «ሙሽራው ደረሱ!» አለ። ሙሽራው አምስት እርምጃ ሄዶ ራሱን ወረወረ።

ቀጥሎ ጥርስ። የእንስሳት ሐኪሙ መጣ፤ አፉን ከፈተ፤ ባትሪ አበራ፤ ሹል የሆነች አንዲት ጫፍ አገኘና ሞረዳት። «ከዚህ በኋላ የዚህ ፈረስ ጥርስ ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል» አለ። ለጥርስ የተሰጠው ሳምንት አለፈ። የተሻለ ጥርስ ያለው ዳኛው ራሱን ወረወረ።

ልጓሙ በላስቲክ በተሸፈነ ተለወጠ። ግንባሩ ላይ የሚያልፈው ጠፍር ጆሮውን እንዳይቆነጥጥ በሁለት ቀዳዳ ላላ። ኮርቻው ተቀየረ። ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ይሆናል ተብሎ ዙሩ ወደ ደመናማ ሰዓት ተዛወረ። በረኛው ልጓሙን ማር ይቀቡት አለ፤ ተቀባ፤ ዳኛው ማሩን በደስታ ልሶ ከጨረሰ በኋላ ራሱን ወረወረ።

ኮቴ ጠራቢው ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። አንድ ቀን የዳኛውን እግር ጭኑ ላይ እንዳሳረፈ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግልጽ ነው። እረፍት አይወድም።»

«እረፍት የማይወድ ፍጡር አለ?»

«አንድ አውቃለሁ። ጡጦ ያጠባው ሰውዬ።»

ጋሽ እጅህን ማታ ቅጹ ጀርባ ላይ በእርሳስ «ሥራ ወዳድነት?» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አፈረና አጠፋው።

በዚህ ሁሉ መሀል ዳኛውን ዘና ባለው ዙር ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ጥንቃቄ ነው። እክል ያለበት ፈረስ ላይ የሚቀመጠው እጁ የተመሰከረለት ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ግቢ ደግሞ እጁ የተመሰከረለት አንድ ሰው ነው ያለው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ቅጹን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። አርባ አንድ መስመር። ሳጥኑ ባዶ ነው። ራት ከተበላ በኋላ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ባለቤቱን ጠራት።

«በንጹሕ ወረቀት ገልብጪልኝ እስቲ። የሰሞኑ ጽሑፌ ደስ አላለኝም። ፊደሉ ተጨናንቋል።»

ባለቤቱ መነጽሯን አደረገች። መጻፍ ጀመረች። እሱ ሻዩን ይጠጣል። ድሮ በብርጭቆ ነበር የሚጠጣው፤ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ወፍራም፣ ጆሮው ትልቅ የሆነ የሸክላ ኩባያ ቀርቦለታል፤ እሱም እስከ ግማሽ ብቻ ይቀዳለታል። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ቤት ውስጥ ቅጽ የለውም።

«እንዴ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ስምንተኛው መስመር ላይ። «ማን ነበር የሚጋልበው?»

«እኔ ነኛ።»

«በአርባ አንዱም ቀን?»

«ሌላ ማንን ላስቀምጥበት?»

«ታዲያ የት ነው የተጻፈው?»

«ምኑ?»

«ማን እንደጋለበ።»

ኩባያውን አስቀመጠ። «ቅጹ የፈረሱ ነው። ጋላቢ ይመጣል፣ ጋላቢ ይሄዳል።»

ባለቤቱ እስክሪብቶውን በዝግታ ከደነች። ፊቷ ላይ እሱ ያልለመደው ነገር ነበር፤ ብዙ ጊዜ የታቀፉትን ዕቃ የት እንደሚያስቀምጡት የጨነቃቸው ሰዎች ፊት ዓይነት።

«አርባ ዓመት ስሰፋ» አለች «ጨርቅ ሲጨማደድ ደንበኛ ሁሉ ጨርቁን ሲሰድብ ነው የኖርኩት። መርፌዋን ልያት ያለ ሰው አላየሁም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ነገ እመጣለሁ ማለቴ ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ መጣች። ሱሪ ለብሳለች። በወጣትነቷ እዚያው ሜዳ ላይ ትጋልብ ነበር፤ የተዋወቁትም በአጥሩ ላይ ነው። ከመጀመሪያ ልጇ ወዲህ ግን እርካብ ረግጣ አታውቅም። እሱ ዳኛውን ያዘላት፤ እሷ በርጩማ ላይ ቆማ ወጣች፤ ጉልበቷን እየረገመች።

«እጅሽን» አለ ከልማድ።

«እጄን ተወውና ፈረሱን እይ።»

ዛቡን አላልታ፣ በእርምጃ፣ አጥሩን ይዛ ሄደች። በዛፎቹ ሥር አለፈች። ዞረች። ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። ዳኛው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወዲህና ወዲያ ጥሎ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀነቀም።

ጋሽ እጅህን ይህን አይቶ የተሰማው ደስታ መሆን ነበረበት። የተሰማው ግን ቅናት ነው።

«አንቺ አዲስ ስለሆንሽበት ነው» አለ ስትወርድ። «እንግዳ አክብሮ ነው።»

«ይሁን።»

«ደግሞ ዛሬ ደመና ነው።»

«ደመናውን ሞክረሃል፤ ሃያ ዘጠነኛው መስመር ላይ አለ፤ ራሴ ነኝ የገለበጥኩት። አሁን አህያውን ፈርተህ ዳውላውን አትደብድብ። ውጣ።»

ወጣ። ትከሻው ወረደ። እጁ ጭኑ ላይ አረፈ። ባለቤቱ በጎኑ በእግሯ ትሄዳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እርምጃ። ዳኛው ራሱን ወረወረ።

«ቁም» አለችው። «እንዳለህ ሁን። ምንም አታድርግ። እጅህን እይ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። አየ። ግራ እጁ በቦታው አለ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ አርፎ፣ እንደ ተኛ ሰው እጅ ተዝናንቶ፣ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ብዙ ቸኩሎ የማይታይ ነገር እንደሚቆጥር ሰው ይነካካል። መንቀጥቀጡ በዛቡ ላይ እየወረደ፣ እየወረደ፣ እስከ ልጓሙ ድረስ ይሄዳል። ልጓሙ ጥርስ ላይ ትክ ትክ ትክ ይላል። እሱ ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ ይህን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ዳኛው ግን ሲሰማው ከርሟል።

ዛቡን ጨበጠ። እጁ ወዲያው ቀጥ አለ። ዳኛው ተንፍሶ ራሱን ዝቅ አደረገ። ለቀቀው። ትክ ትክ ትክ። ዳኛው ራሱን ወረወረ።

«ሲሠራ አይታይም» አለች ባለቤቱ። «ሲያርፍ ነው።»

ከዚያ ከኮርቻው ላይ ሳይወርድ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «መቼ አወቅሽ?» አላት።

«ብርጭቆውን የቀየርኩልህ ጊዜ። ሰሃኑ ላይ ይንጫጫ ነበር።»

«አንድ ዓመት?»

«ከዚያ በላይ። ሸሚዞችህንም…»

«ሸሚዞቼን ምን?»

«የቁልፍ ቀዳዳዎቻቸውን ሁሉ አስፍቻቸዋለሁ። ቀስ እያልኩ፣ በተራ በተራ።»

ጋሽ እጅህን ባለፈው ዓመት ልብስ ሲለብስ ከድሮው ቀልጠፍ ማለቱን በልቡ ታዝቦ፣ ዕድሜ ለግልቢያ ብሎ ኮርቶ ነበር። አሁን ቀልጣፋነቱ የማን እንደነበረ ገባው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትሠራ ነበር? ቤት ቁጭ ብለህ እኔን 'እጅሽን' ልትለኝ?» የዳኛውን ጋማ በጣቷ አበጠረች። «ዝም ብል ይቆያል ብዬ ነው። ፈረሱ ይናገራል ብዬ አላሰብኩም።»

የወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ቅጹን ይዞ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ኮርቻዎቹ በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ የቆዳና የሰም ሽታ አለ። በሩን ዘጋ።

ነገሩ እጅግ ቀላል ነበር፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ «ዝንብ» ብሎ ቢጽፍ አለቀ። የዝንቡ ወቅት እያለፈ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ዘና ባለው ዙር ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ዳኛው አይነቀንቅም፤ ሥራ አስኪያጇ ትደሰታለች፤ ዳኛው ይቀራል፤ እሱም ይቀራል። የሚጎዳ ማንም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበትን ሜዳ የምታተርፍለት ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ናት። እስክሪብቶውን አንሥቶ «ዝ» ን ጀመረ ማለት ይቻላል፤ ጫፉ ወረቀቱን ነክቷል።

ያን ጊዜ ነው ባዝራይቱ ትዝ ያለችው። ሰማያዊ ምንጣፍ አንድ ነገር ነው፤ ማጠፍ ይቻላል። ግን ነገ አንድ ሕፃን ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ የፈረሱ ገመድ በዚህ እጅ ተይዞ፣ እጁ በማረፊያው ሰዓት ቢነሣበትስ? የዚያን ቀን ሌላ ሰው ሌላ ቅጽ ያወጣል፤ እሱም ቅጽ ጋላቢውን አይጠይቅም፤ ሌላ ፈረስ ወደ ጡብ ፋብሪካ ይሄዳል። ጥፋቱ የዚህ እጅ ብቻ ሳይሆን የዚያ ማስመሪያም እንደሆነ አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰባት ዓምድ አስምሮ፣ ስምንተኛውን የተወው ራሱ ነው።

ማስመሪያውን አነሣ። በወረቀቶቹ ጠርዝ ላይ ባዶ በቀረው ቦታ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመረ። ራስጌው ላይ «ጋላቢ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረ። «እኔ»። ሁለተኛው። «እኔ»። «እንደ ላይኛው» ማለት ክልክል ነው፤ ጭረትም ክልክል ነው፤ የከለከለው ሰውዬ እሱ ነውና ማንን ይለምናል? አርባ አንድ ጊዜ ሙሉውን ጻፈ። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ፦ «የጋላቢው ቀኝ እጅ። ፈረሱ ጤነኛ ነው።» ፈረመ።

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቶቹን ስታይ መጀመሪያ ቆጣ አለች። «ጋሼ፣ በጸደቀ ቅጽ ላይ ዓምድ ጨመሩ እኮ! ሌላ ሰው ቢያደርገው እርስዎ ይለቁት ነበር?»

«አልለቀውም ነበር።»

ከዚያ ሳጥኑን አነበበች። ወደ አዲሱ ዓምድ ተመለሰች፤ ጣቷን ከላይ ጀምራ ወደ ታች አወረደችው። የመጀመሪያው «እኔ» እንደ ወትሮው ጽሑፉ ደማቅና ቀጥ ያለ ነበር። አሥረኛው ትንሽ አንሷል። ሃያ አምስተኛው የምስር ፍሬ አክሏል። አርባ አንደኛው ጉንዳን ነው።

«ፊደሉ ለምን እያነሰ ሄደ?»

«ቦታ ጠቦኝ።»

«መስመሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ያሰመሩት።»

«አዎ» አለ።

እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ሥራ አስኪያጅ ናትና መሳቢያ ከፍታ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሆነች። ዳኛው እንደሚቀር ወደ መሳቢያው እንዳጎነበሰች ነገረችው። እሱ ደግሞ ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ እንደማይወጣ፣ የማንንም ፈረስ ገመድ እንደማይዝ፣ ከፈቀደችለት ግን መሬት ላይ ቆሞ ማስተማር እንደሚችል ነገራት። «ድምፄ አይንቀጠቀጥም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ሐኪሙም ብዙ አልቆየበትም። ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አስኬደው፤ ጣቶቹን አስከፍቶ አስዘጋው፤ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ አየ። ከነርቭ የሚመጣ ሕመም እንደሆነ፣ ስሙ ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ መድኃኒት እንዳለው፣ መዳን ግን እንደሌለው ነገረው። «እንዴት በጊዜ አወቁት? ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው» አለ።

«ፈረስ ነገረኝ።»

ሐኪሙ ይህን በማስታወሻው ላይ ልጻፈው አልጻፈው ብሎ ትንሽ አሰበና ተወው። በምትኩ ሌላ ወረቀት ጻፈለት። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሰውነት ሚዛን የሚጠብቅ ቀላል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ በቅርቡ በከተማው ዳርቻ በሚገኝ አንድ የግልቢያ ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ዘና ያለ ዙር ተጀምሯል፤ እዚያ ቢሄድ መልካም ነው። «ደግሞ አይፍሩ» አለው ሲሸኘው። «ፈረሶቹ የለመዱ ናቸው።»

ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጇ ራሱ ሰጣት። እሷም ለአዲስ መጪዎች የተዘጋጀውን ቅጽ ሰጠችው። «የግልቢያ ልምድ» ይላል፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ። ሦስቱን ሳጥኖች ለብዙ ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያ ጀማሪ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ዛብ ሳይዝ ተቀምጦ አያውቅማ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛውን ባለቤቱ ሳበችው። ልጓም የለም፤ አፍ ውስጥ የሚገባ ጣት የለም፤ ከአንገቱ አንድ ገመድ ብቻ ነው። እሱ ሁለት እጁን ኮርቻው ፊት ላይ አሳረፈ። ግራው ጸጥ አለ፤ ቀኙ ሥራውን ጀመረ። አጥሩን ይዘው በዛፎቹ ሥር አለፉ። እሱም ስለ ተማሪዎቹ ጥፋት ማውራት ጀመረ። ዳኛው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይነቀንቅ ዞሮ ጨረሰ።

ጋሽ እጅህን ቅር አለው።

«ትንሽ እንኳ?» አለ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ። «ስንት ዓመት አብረን ኖረን?»

ሲወርድ ባለቤቱ የቅጹን አዲስ ገጽ አመጣች፤ አሁን ስምንት ዓምድ ሆኖ ታትሟል። ከእንግዲህ የምትጽፈው እሷ ናት። አርባ ሁለተኛውን መስመር ሞላች፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን፣ መሬቱን፣ ኮርቻውን፣ እርምጃውን። የታየው ነገር፦ «ምንም አልታየም።» ጋላቢ በሚለው ላይ ስትደርስ ወደ ቀደመው ገጽ መለስ ብላ ያችን ጉንዳን አየቻትና እስክሪብቶዋ ዘገየ።

«ጭረት ላድርገው?» አለችው። «ያው ነው እኮ።»

«ክልክል ነው» አላት። «ሙሉውን ጻፊው።»

«እሱ» ብላ ጻፈች፤ በትልቁ።